ጉንጭና ጣት

የድሮው የቤት ስልክ እጀታ የተሠራው ለፊት ነበር። አንደኛው ጫፉ ጆሮን ይከድናል፤ ሌላው ጫፉ ከአፍ ፊት ይቆማል፤ መካከሉም ጉንጭን ሳይጫን ጎበጥ ብሎ ያልፋል። ንግግሩን ለመጨረስ እጀታውን ከጆሮ አንሥቶ በመቀመጫው ላይ ማኖር ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ክንድን በሙሉ የሚያንቀሳቅስ፣ ታስቦበት የሚፈጸም ድርጊት ነው። የተቆጣ ሰው ይወረውረዋል፤ ያዘነ ሰው ቀስ አድርጎ ያሳርፈዋል። ዛሬ ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክ ግን የተሠራው ለጣት ነው። ፊት ለእርሱ እንግዳ ነው፤ ያውም ያልተጠራ እንግዳ።

ይህን እንድል ያበቃኝ በገዛ ጉንጬ የደረሰብኝ ችግር ነው። በ2023 መጀመሪያ ላይ አንድ ስሙን የማልጠራው ኩባንያ የሠራውን፣ ዋጋውም ቀላል ያልሆነ ስልክ ገዛሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፎቶግራፍ ያነሣል፤ መንገድ ይመራል፤ የተራመድሁትን እርምጃ ይቆጥራል፤ እንቅልፌ ጥሩ እንዳልነበረ እኔው ሳላውቅ ማለዳ ይነግረኛል። ስልክ መነጋገር ሲሆን ግን ይሰንፋል። ጆሮዬ ላይ ሳስጠጋው መጥፋት የሚገባው ስክሪን ቦግ እንዳለ ይቀራል፤ ወይም ጠፍቶ ቆይቶ በንግግሩ መካከል ይበራል። ያን ጊዜ ጉንጬ ሥራ ይጀምራል። ድምፄን ያጠፋል፤ የቁጥሩን ሰሌዳ ከፍቶ በወዲያኛው ሰው ጆሮ ላይ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ይለቃል፤ አንድ ቀንማ ከአክስቴ ጋር ስነጋገር የመኪና መድን ወኪሌን ጠርቶ ሦስታችንን አገናኘን። አክስቴ የሰው ድምፅ ከሰማች ሰላም ሳትል አታልፍምና ወኪሉን በአማርኛ ስለ ቤተሰቡ ደህንነት ጠየቀችው፤ እርሱም በእንግሊዝኛ በምን ልርዳዎት አላት። ይህ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው ጉንጬ ቀዩን ምልክት ነክቶ ንግግሩን ጨርሶ የሚዘጋበት ጊዜ ነው።

ሐኪም ነኝና ምልክቱን አይቼ መንሥኤውን ሳልመረምር ማለፍ አይሆንልኝም። በስልኩ መስታወት ሥር በዓይን የማይታይ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ መረብ ተዘርግቷል፤ ብዙውን ጊዜም የሚሠራው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል ውሑድ ነው። የሰው ገላ በውሃና በጨው የተሞላ ስለሆነ ወደ መረቡ ሲጠጋ ከዚያ ካለው ኤሌክትሪክ ጥቂት ወደ ራሱ ይስባል፤ ስልኩም ለውጡ በየት በኩል እንደሆነ ለክቶ «እዚህ ተነካሁ» ይላል። አሳቡ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሞልቨርን በሚባል ከተማ በነበረው የራዳር ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ኢ. ኤ. ጆንሰን በ1965 እንዲህ ያለውን ስክሪን የሚገልጽ ጽሑፍ አሳትሟል። ከታሰበለት አገልግሎት አንዱ የአውሮፕላን በረራ ቁጥጥር ነበር። የበረራ ተቆጣጣሪ በጉንጩ አይሠራም። እንግዲህ መሣሪያው ገና ሲፀነስ የሚያውቀው ሰው ጣት ያለው፣ ፊት የሌለው ሰው ነው።

በ2007 አይፎን ለገበያ ቀርቦ፣ ከዚያም ቁልፍ የሌላቸው ስልኮች ዓለምን ሲያጥለቀልቁ፣ ይህ ፊት የለሽ ሰው ስልክ መነጋገር ጀመረ። መሐንዲሶቹ ችግሩን አልዘነጉትም። መላ ብለው ያኖሩት ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ዓይን ናት። ይህች ዓይን ለእኛ የማይታየንን ኢንፍራሬድ የተባለውን ብርሃን ትልካለች፤ ብርሃኑ ከጉንጭ ወይም ከጆሮ ተንጸባርቆ ሲመለስላት «ፊት ቀርቧል» ብላ ስክሪኑን ታስጠፋለች፣ መነካቱንም ታስቀራለች። እርሷ ከታወከች፣ ላብና ቅባት ከሸፈናት፣ መስታወቱ እንዳይጫር ተብሎ የተለጠፈው ላስቲክ ከጋረዳት፣ ጉንጭ ጣት ይሆናል። ነገሩ የእኔ ብቻ ዕጣ አይደለም። በ2010 አይፎን 4 በወጣ ጊዜ ይኸው ሕመም በብዙ ሰው እጅ ታይቶ፣ ኩባንያው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ባወጣው አይኦኤስ 4.1 የተባለ ማሻሻያ ፈውስ ፈልጎለታል። በ2016 ደግሞ የቻይናው ሻውሚ ሚ ሚክስ በተባለው ስልኩ ላይ ዓይኗን ከፊት ገጽ አስወግዶ በአልትራሳውንድ ተካት፤ ስልኩ ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ እያሰማ የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል። በማሕፀን ያለውን ሕፃን የምናይበት ጥበብ ጉንጭ መፈለጊያ ሆነ ማለት ነው። ወዳጄ ጥበብ፣ ይህን ያህል ከመድከም አንድ ቁልፍ መተው አይቀልም ነበር?

ስልኩን ለኩባንያው ሁለት ጊዜ ልኬ ሁለት ጊዜ «ተስተካክሏል» ከሚል ወረቀት ጋር ተመልሶልኛል። በመጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ስልክ የሚጠግን ያገር ልጅ ዘንድ ወሰድሁት። እዚያ ተራ የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ጉዳዬን ሰምቶ፣ «ዶክተር፣ አይልፉ! እኛን ጥቁሮቹን አያየንም እኮ ነው» አለኝ። በሱቁ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላም ስለ ነገሩ አሰብሁ።

በስልክ ጉዳይ ነገሩ እርሱ እንዳለው አይመስለኝም። እንዲህ ያሉት ዓይኖች ብዙውን ጊዜ የሚልኩት ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 940 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ለቆዳችን ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን በዚያ ርዝመት ላይ ብርሃን የመዋጥ አቅሙ ደካማ ነው፤ የጥቁሩም የነጩም ጉንጭ በቂ ብርሃን ይመልሳል። ለዓይኗ የሚያስቸግራት ጥቁር ፀጉር ነው፤ ይህንም የእስያ ሰው ከእኛ እኩል ይካፈለዋል። የእኔ ፀጉር ደግሞ ሽበት ከወረሰው ቆይቷልና ይህን ሰበብ ማቅረብ አልችልም። ነገር ግን የጎልማሳው ጥርጣሬ መሠረት የለውም ማለት አይደለም፤ የሳተው መሣሪያውን ብቻ ነው። በየሆስፒታሉ በሕመምተኛ ጣት ላይ የምንሰካው የደም ኦክስጅን መለኪያ ሁለት ብርሃን ይልካል፤ አንደኛው ይኸው 940 ሲሆን ሁለተኛው 660 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን ነው፤ ቀዩን ሜላኒን አጥብቆ ይውጠዋል። በዲሴምበር 2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣው የሚሺጋን ሐኪሞች ጥናት፣ መለኪያው ደህና ነው ባላቸው ሕመምተኞች ላይ ደማቸው ተቀድቶ ሲመረመር የኦክስጅን እጥረት ተሰውሮ የተገኘው ከጥቁሮቹ በ11.7 ከመቶ፣ ከነጮቹ በ3.6 ከመቶ መሆኑን አሳይቷል። መሣሪያው ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ከዚያ ሱቅ ሳቅ በስተኋላ ያለው ይህ ነው፤ የሠሪው አእምሮ ውስጥ ያልነበረ ሰው በመሣሪያው ፊት ሲቆም የሚደርስበት።

ወደ ጉንጬ ልመለስ። እኛ ሰላምታችን በጉንጭ ነው። ከመንገድ የመጣ ሰው ጉንጩን ሳይሰጥ አይቀመጥም፤ አንድ ጊዜም ሁለት ጊዜም አይበቃ፤ የቆየ ናፍቆት ከሆነ ቁጥሩ ይጠፋል። ስደተኛ ከሆንን ወዲህ ያ ሁሉ ጉንጭ የሚያርፈው በዚህ መስታወት ላይ ነው። ሰው የሚናፍቀውን ድምፅ ሲሰማ ስልኩን ያለ ውዴታው ወደ ፊቱ ይጫነዋል፤ ድምፁ ሲደክም አብልጦ ይጫናል። መሣሪያው የሚከፋውም ልክ በዚያ ጊዜ ነው፤ ለመደብር ስደውል፣ ለባንክ ስደውል፣ ራቅ አድርጌ በሁለት ጣት ስይዘው ምንም አይል።

ጆሮን ማስጠጋት ለሐኪምም የቆየ ልማድ ነው። ሬኔ ላኤኔክ በ1816 በፓሪስ ኔከር ሆስፒታል ወረቀት ጠቅልሎ የመጀመሪያውን የልብ ማዳመጫ እስኪያበጅ ድረስ ሐኪም ጆሮውን በሕመምተኛው ደረት ላይ ቀጥታ ይለጥፍ ነበር። ከእርሱ በፊት በ1761 ሌኦፖልድ አውንብሩገር ደረትን በጣት እየመቱ የመመርመርን ጥበብ አሳትሟል፤ አባቱ በግራትስ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ነበረውና የወይን በርሜል እየተመታ ሙላቱ ሲለይ አይቶ ማደጉ ይነገራል። በተማሪነቴ በባዕድ አገር ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። የጠላ ጋኗን በመካከለኛ ጣቷ መታ መታ አድርጋ እስከ ወገቡ መቅረቱን ታውቅ ነበር፤ ክዳኑን አትከፍትም። ፕሮፌሰሩ በውጭ ቋንቋ የሚያስተምሩኝን እኔ ከጓዳ ይዤው መጥቻለሁ።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች። የምትይዘው ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው፤ ባትሪው ቀናት ይቆያል፤ ሁለት ጊዜ ከመደብ ወድቆ ምንም አልሆነም። ነጠላዋን ከጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ስልኩን ከነጠላው ሥር ከጆሮዋ ጋር ገጥማ፣ በሌላው እጇ ፍንጃሏን ይዛ ታወራኛለች። የእርሷ ጉንጭ አንድ ጊዜ እንኳ ንግግር አቋርጦ አያውቅም። የምደውለው እሑድ በእኔ ጠዋት ነው፤ በእርሷ ደግሞ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው። ስለ ጤናዋ ስጠይቃት የምትመልሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ስለሆነ ጥያቄውን ትቼ ማዳመጡን ይዣለሁ። ሰው በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል ቃል እንደሚናገር መቁጠር ከሐኪም ዘዴዎች አንዱ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ የሚተነፍስ አለ፤ ሐረግ ሐረግ የሚል አለ፤ ቃል በቃል የሚቆርጥም አለ። እርሷ ስለ ጎረቤት ሰርግ ስታወራ እኔ ቃላቷን እቆጥራለሁ። ለዚህም ስልኩን አጥብቄ ጆሮዬ ላይ መጫን አለብኝ።

እዚህ ላይ «ኔትወርክ» ስለምትባል ቃል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ባገራችን ስልክ ሲቋረጥ ጥፋተኛ የለም፤ «ኔትወርኩ ነው» ይባላል፤ ይህም ዝናብ ነው እንደማለት ነው። አንዳንዴ ማምለጫም ይሆናል፤ ብር እንዲላክለት ሊጠይቅ ፈልጎ ያፈረ ዘመድ፣ የሚመልሰው ያጣ ባለዕዳ፣ ሁሉም በኔትወርክ ያመካኛል። ነገር ግን ቃሉ ሌላ ትርጉምም አለው። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቆረጠ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ነርስ እናትና አባቷ አድዋ ነበሩ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት በኖቬምበር 2022 ተፈርሞ መስመሩ በየቦታው ቀስ በቀስ እስኪመለስ ድረስ በሕይወት መኖራቸውን ከራሳቸው አፍ አልሰማችም። ለእርሷ ጉንጭ ያቋረጠው ጥሪ ቢኖራት ቅንጦት ነበር። ከዚያም በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ጦርነት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም ተዘጋና ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆየ። የእኅቴ ልጆች በቪዲዮ የእናቴን ፊት የሚያሳዩኝ ነገር ቀረ። የቀረልን ተራው ስልክ ነው፤ እርሱም ውጊያ በተነሣበት ሰሞን አንዳንድ ቀን አይገኝም።

እንግዲህ መስመሩ በድንገት ጭር ሲል በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ምን ይበል? ኔትወርኩ ነው? ወይስ ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ነገር ተጀመረ? ወይስ የልጁ ጉንጭ ነው? እናቴ ሦስተኛውን ልታስበው አትችልም። ስልክ በፊት ይዘጋል ብሎ ማን ይነግራታል? ብነግራትስ ታምነኛለች?

በዚያው ዓመት በኅዳር አንድ እሑድ ስለ ቅዝቃዜው ስታማርር ቆይታ፣ «ደግሞ ሌሊት ሌሊት ትራሴን ሁለት አድርጌዋለሁ፤ ጋደም ስል እንደ መታፈን ይለኛል» አለችኝ። ለሌላ ሰው ይህ የአሮጊት ወሬ ነው። ለእኔ ግን ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ልብ ሲደክም ሳንባ ውሃ ያዝላል፣ ሕመምተኛውም ተንጋሎ መተኛት አይሆንለትም፤ ትራስ ይቆጠራል። «እግርሽስ ያብጣል?» አልኋት። አልመለሰችም። «እማዬ፣ ማታ ማታ እግርሽ ያብጣል ወይ?»

«አለህ?» አለች።

«አለሁ! እግርሽን ነው የምጠይቅሽ።»

«ሃሎ! አለህ?»

በአማርኛ መስመሩን ስንፈትሽ «ይሰማሃል?» የምንል አለን፤ የእናቴ ትውልድ ግን የሚጠይቀው «አለህ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ስለ ድምፅ አይደለም፤ ስለ መኖር ነው። እኔም «አለሁ፣ አለሁ» እያልሁ ስጮህ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ተነሥታ መጣች። ድምፄን ጉንጬ አጥፍቶታል። ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ ድምፄን ልመልስ ስል ደግሞ ስክሪኑ ጨለማ ሆነ፤ የሕመሙ ሁለተኛ ገጽ ይህ ነው፤ ፊት ሳለ የማታይ ዓይን፣ ፊት ሲርቅ የሌለ ፊት ታያለች፤ ጣትም ቢነካ አትከፍትም። ጠረግሁት፣ አወዛወዝሁት፣ በብርሃን ፊት ያዝሁት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የእናቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

«ይኸው ሄደ» አለች ለእኅቴ። እኅቴ እንደገና እስኪደውል ጠብቂው አለቻት መሰለኝ፤ እናቴም፣ «ተይው፤ እንኳንም አልሰማ። በሰው አገር ያለ ልጅ ምን ሊያደርግ? ማስጨነቅ ነው። እግዜር ነው የቆረጠው። ቢደውልም ስለ ትራሱ እንዳታነሺ» ብላ ዘጋች።

መልሼ ደወልሁ፤ የደወሉላቸውን ማግኘት አይቻልም የሚለው የሴት ድምፅ በሁለት ቋንቋ መለሰልኝ። ያን ቀን አልተገኘችም፤ ሰኞም አልተገኘችም። ማክሰኞ ማታ ላይ መስመሩ ሲገባ፣ «ደህና ነኝ፤ ድመት የመሰለ እንቅልፍ ነው የምተኛው» አለችኝ። ስለ ትራሱ ምንም የለም። እኔም ለእርሷ ምንም ሳልል እኅቴን ለብቻዋ ጠርቼ የሰማሁትን ቃል በቃል ነገርኋት። እኅቴ ደነገጠች፤ «ተዘግቶ አልነበር እንዴ?» አለች። ሐሙስ ቀን ወደ ሆስፒታሉ ወሰደቻት። እግሯ አብጦ ነበር፤ ደረቷም ውስጥ ውሃ ነበር። የሽንት መድኃኒት ተጀመረላት፤ ጨው ቀንሺ ተባለች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትራሷ አንድ ሆነ። የደብረ ማርቆስ ሐኪሞች በዚያ ወቅት መድኃኒቱንም መብራቱንም በየት አግኝተው እንደሚሠሩ ባሰብሁ ቁጥር ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ።

ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «ስልክህ መበላሸቱ ጠቀመህ» ይሉኛል። እኔ እንዲህ ያለውን ሒሳብ አልቀበልም። ድምፄ ባይጠፋ ኖሮ ጥያቄዬን ትሰማ ነበር፤ ፊት ለፊት ስጠየቅ አልዋሽም የምትል ሴት ናት፤ ሐሙስን ሳንጠብቅ እሑዱን እናውቀው ነበር። በተረፈ ደግሞ ሰው እናቱ እንዳልሰማት ሆና የተናገረችውን በመስማቱ የሚያተርፈው ነገር ሁሉ ትርፍ አይደለም።

የልቅሶ ስልክም አለ። በስደት ያለን ሰዎች መርዶ የምንሰማውም የምናጽናናውም በስልክ ነው። የቆየ ጓደኛዬ ሚስቱ ባረፈች ጊዜ አዲስ አበባ ደወልሁለት። በእንዲህ ያለ ጥሪ የሚነገር ነገር ብዙ አይደለም፤ ዝም መባባሉም ከንግግሩ አንዱ ነው። እርሱ ሲያለቅስ እኔም አለቀስሁ፤ እንባዬ በጉንጬና በመስታወቱ መካከል ወረደ። እንባ ጨው አለበት፤ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ለዚያ መረብ እንባ ብዙ ጣት ማለት ነው። ስልኩ በለቅሶው መካከል የቁጥር ድምፅ ያሰማ ጀመር፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ጓደኛዬ ልቅሶውን አቁሞ፣ «ሌላ ሰው እየደወለልህ ነው መሰለኝ፤ አንሣለት፤ ሥራ ይሆናል» አለኝ። በሐዘኑ ቀን የእኔን ሥራ አሰበ። እንባዬ ነው ብዬ ለማስረዳት አልሞከርሁም፤ እንዴት ብሎ ይነገራል?

የሚሰጠኝ ምክር ብዙ ነው። «ስፒከር ላይ አድርገው» ይላሉ። ባገር ቤት ያለ ሰው ግን ድምፄ ሰፊ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተጋባ ከሰማ ወዲያው፣ «ማን አለ ካንተ ጋር?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ማንም» ብለውም ንግግሩ ከዚያ በኋላ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ይሆናል። በቃል የሚከፈል ዋጋ ባለበት አገር ሰው የሚያወራው ለአንድ ጆሮ ነው። «ገመድ አልባውን ማዳመጫ በጆሮህ ሰካ» ይላሉ። ሞክሬዋለሁ፤ እናቴ፣ «ከጉድጓድ ነው እንዴ የምታወራው?» አለችኝ። «ስልኩን ቀይረው» ይላሉ፤ ይህ ከሁሉ የቀለለው ነው፤ ግን የሁለት ጓደኞቼ ስልክ፣ ሠሪያቸው ሌላ ሆኖ ሳለ፣ ይኸው ጠባይ አለባቸው። ዛሬ የስልክ ሻጭ ስለ ካሜራው ሰዓት ሙሉ ያወራል፤ ጆሮ ላይ ሲያደርጉት ምን እንደሚሆን የሚጠይቀው የለም። ስልክ መነጋገር ከስልክ ሥራዎች ተራ የወጣ መሆኑን ሠሪዎቹ ወስነዋል፤ እኛን ግን የነገረን የለም።

ያለሁበት መፍትሔ ሽቦ ያለው ርካሽ ማዳመጫ ነው፤ ማይክሮፎኑ ከአገጬ ሥር ይንጠለጠላል፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ፊቴን አርቃለሁ። ጆሮዬ ይሰማል፤ ጉንጬ ግን ሥራ ፈቷል፤ አንዳንዴ በእጄ መዳፍ ደግፌው ራሴን አገኛለሁ። በተጨማሪም ከሆስፒታል አንድ ልማድ ተበድሬአለሁ። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን ከ2003 ጀምሮ ሐኪም በስልክ የሰጠው ትእዛዝ ተጽፎ ለራሱ ለሐኪሙ እንዲነበብለት ያዝዛል፤ ሌሊት ስደውል ነርሷ ያልሁትን መልሳ ትነግረኛለች፣ እኔም «ልክ ነው» እላለሁ። ለእናቴ ይህን በዘዴ አስረዳኋት፤ የስልኬ መስታወት ታሟል፣ ጭር ካልሁብሽ ድምፄ ተይዞ ነው እንጂ እኔ ያንቺ እሰማለሁ፣ ስለዚህ አንድ ጉዳይ በተናገርሽ ቁጥር ጠይቂኝ አልኋት። ስልክ ይታመማል ሲባል ምንም አልገረማትም። የገረማት ሌላ ነው፤ «ታዲያ ያን ጊዜ ጭር ስትል የምናገረውን ሁሉ ትሰማ ነበር?» አለችኝ። አንዳንዱን አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንግዲህ ክፉ አልተናገርሁም» አለችና ስለ ቡናው ዋጋ ቀጠለች።

አሁን ስንነጋገር እንደ ቅዳሴ ሆነናል። የበጉን ዋጋ ትነግረኛለች፤ «አለህ?»፤ «አለሁ»። የክኒኗን ቁጥር ትነግረኛለች፤ «አለህ?»፤ «አለሁ»። የትራሱንም ነገር ሳልጠይቃት ራሷ ትጠራዋለች፤ «አንድ ነው፤ አለህ?» ባለፈው እሑድ አርባ ደቂቃ ያህል ተነጋገርን። የዘጋችው እርሷ ናት፤ የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ ዳቦው ምድጃ ላይ ነበር።